በይልማ ጎን ላይ የወጣው መስመር

ይልማ ሸሚዙን ለመልበስ ክንዱን ባነሳበት ቅጽበት ማህደር አየችው። ከቀኝ ብብቱ ሥር ተነስቶ የጎድን አጥንቱን ተከትሎ ወደ ጀርባው የሚታጠፍ፣ የጣት ስፋት ያለው ቀይ መስመር ነበር፤ በላዩም ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተደርድረውበታል። ግራ ጎኑ ንጹሕ ነው። መስመሩ አከርካሪውን አልተሻገረም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቱ?» አንገቱን አጣሞ ለማየት ሞከረ። «እ፣ እሱ! ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ። ሙቀት ነው መሰለኝ። ትናንት እኮ ምንም አልነበረም።»

«ሙቀት ይሆናል» አለች፣ ድምጿን ባልተለመደ ጥንቃቄ እያለዘበች።

ሸሚዙን ቆለፈ፤ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ግንባሯን ስሟት ወጣ። የፒካፑ ድምፅ በሙኑኪ ሰፈር ጭቃ ውስጥ እየተንገጫገጨ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ ማህደር ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም።

አዲስ አበባ ሳለች በአንድ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ውስጥ ለዓመታት በነርስነት ሠርታለች። ሥራውን ለቅቃ መሐንዲስ ባሏን ተከትላ ጁባ ከመጣች ወራት ቢቆጠሩም ዓይኗ ግን ሥራውን አልለቀቀም፤ ሰውን ከማወቋ በፊት ቆዳውን ታነባለች። ገና ከአውሮፕላን እንደወረደች ፓስፖርቷን የተቀበላት መኮንን አንገት ላይ የተበተነውን ቋቁቻ አይታለች። ውሃ በቦቴ የሚያመላልሰው ሰው ክንድ ላይ ጠርዙ የተነሳ፣ መሐሉ የጠራ ክብ ጭርት አለ። በግቢው በር የሚጫወቱት ሕፃናት አፍ ዙሪያ የደረቀ ማር የሚመስል ቅርፊት ይታያል፤ እሱ በመነካካት ከልጅ ወደ ልጅ የሚዛመት ቁስል ነው። ሌሊት ሌሊት የጣቶቹን መሐል የሚፎክተው የጎረቤቷ ዘበኛ እከክ ይዞታል፤ አብረውት የሚያድሩት ሁሉ አብረው ካልታከሙም አይለቀውም። ይህ ሁሉ ለእሷ እንደ መንገድ ዳር ማስታወቂያ ነው፤ ላለማንበብ ብትፈልግም ይነበባል።

በባሏ ጎን ላይ ያነበበችው ስም አልማዝ ባለጭራ የሚል ነበር። በነርቭ ሥር ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ቫይረስ፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከምለት ይነቃና በአንዲት ነርቭ መስመር ብቻ ተጉዞ ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ለዚህ ነው የአካልን መሐል የማይሻገረው። በሽማግሌ ላይ ሲወጣ ዕድሜ ነው ተብሎ ይታለፋል። ድካም የጎዳው ጎልማሳም ሊይዘው ይችላል። ይሁንና እሷ በሠራችባቸው ዓመታት፣ በወጣት ገላ ላይ ይህ መስመር በታየ ቁጥር ሐኪሙ ኤች አይ ቪን ጠርጥሮ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷም በሩን ትዘጋለች፤ ዝቅ ያለችውን በርጩማ ስባ ከበሽተኛው ዓይን በታች ትቀመጥና እንዲህ ትላለች፦ «አንድ ምርመራ ደግሞ እንጨምር። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ ጠዋት ከቤትህ የወጣኸው ሰው ያው አንተ ነህ።» ቃሉ የራሷ ነበር። ከልቧም ታምንበት ነበር።

ይልማ ገና አርባ አልሞላውም። እሷ እስክትመጣ ድረስ ሁለት ዓመት በዚህች ከተማ ብቻውን ኖሯል። ደቡቡ ከሰሜኑ ይገንጠል አይገንጠል የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ጥቂት ወራት የቀሩት ወቅት ነበር፤ ሰው ሁሉ እኩሉ እየገባ፣ እኩሉ ሻንጣውን እያሰረ ነው፤ ማንም ማንንም በሙሉ ልብ አያምንም። ማህደር ያጠበችውን ሰሃን መልሳ አጠበች። የጠረገችውን ወለል መልሳ ጠረገች። ከዚያም ቤቱን ቆልፋ ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ጠራችና ወደ እትዬ አረጋሽ ምግብ ቤት ሄደች።

አረጋሽ የሰሜኑና የደቡቡ የሰላም ስምምነት እንደተፈረመ ጁባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች አንዷ ናት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የደረደረቻቸው የፕላስቲክ ወንበሮች በምሳ ሰዓት ከባንክ፣ ከአየር መንገድና ከኮንስትራክሽን በሚመጡ ሰዎች ይሞላሉ፤ ወሬውም ከወጡ ጋር አብሮ ይቀርባል።

«ነይ ነይ፣ ሲስተር! የዛሬዋ በሽተኛሽ እኔ ልሁን። ይኼ ጣቴ መሐል እየነጣ የሚላጥብኝ ምንድን ነው?»

«እርጥበት ነው እትዬ። ውሃ ውስጥ ውለው ሳያደርቁት ነው የሚያድሩት። ጓንት ያድርጉ።»

«ጓንት! ወጡን በጓንት ሠራችው ብሎ ገበያተኛው ይሽሽልኝ?» አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። አረጋሽም ሳቀች። ማህደር ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ይልማ እኔ ሳልመጣ እዚህ ነበር የሚበላው አይደል?»

«ምሳም እራትም። ክትፎ አቅርቤለት እንኳ ሽሮዬስ የሚል ጉደኛ ሰው እኮ ነው።»

«ከማን ጋር ይመጣ ነበር?»

«ከረሃቡ ጋራ!» አለች አረጋሽ፤ አሁንም ሰው ሳቀ። ከዚያ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማህደርን አስተውላ አየቻት፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ምነው ልጄ? ምን ሰማሽ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ምንም ያልሰማ ሰው ፊቱ እንዲህ አይሆንም። ስሚኝ፤ እኔ የማየው የሚበላውን ነው። በልቶ ሲወጣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ አላይም። የማንንም ባል አላይም። እንዲህ ባልሆን ኖሮ እዚህ አገር አንድ ዓመትም አልቆይ።»

ንግግሩ የምግብ ቤት ባለቤት ጥንቃቄ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ማህደር ግን እንደ ምስክርነት ተሸክማው ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ «በየት በኩል እንደሚታጠፍ» የሚለው ሐረግ በሞተር ሳይክሉ ድምፅ ውስጥ ሲመላለስ ነበር።

አመሻሹ ላይ ይልማ በላስቲክ የተቋጠረ እንጀራ ይዞ ገባ። የግቢው ጄነሬተር ገና አልተነሳም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከበሩ የሚገባው ብቻ ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማህደር ዝቅ ያለችውን በርጩማ ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ይልማ፣ አንድ ምርመራ ብናደርግ ጥሩ ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን…»

አቋረጠችው። ቀሪው ከአፏ አልወጣም። በመቶ ለሚቆጠሩ እንግዳ ሰዎች ሳትደናቀፍ የሰጠችው ቃል፣ ለገዛ ባሏ ሲሆን ሳይጠናቀቅ ቀረ።

«ይኼን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ ይልማ ቀስ ብሎ። «ሆስፒታል መጥቼ ስጠብቅሽ ከመጋረጃው ወዲያ እሰማው ነበር። ቁጭ ብለሽ ታለዝቢዋለሽ። ምን አየሽብኝ?»

«ጎንህ ላይ ያለው አልማዝ ባለጭራ ነው።»

«እሺ።»

«በአንተ ዕድሜ ሲወጣ…»

«በእኔ ዕድሜ ሲወጣ ሰው ምን እንደሚል እኔም አውቃለሁ። አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ግን ለምን አትጠይቂኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ሌላ ሴት ነበረችህ ወይ ብለሽ ነዋ! አጭር ጥያቄ ናት። እንጀራውን ልይዝ ስገባ አረጋሽ እጄን ጨብጣ ‹ሚስትህ ልቧ ተረብሿል› አለችኝ። ለአረጋሽ ያቀረብሽውን ለእኔ ማቅረብ ከበደሽ?»

«ነበረችህ?»

«አልነበረችም።»

መልሱ ፈጣን ነበር። የበሽተኞችን ዝምታ ስትመዝን የኖረች ሴት፣ በዚህ መልስ ውስጥ ዝምታ አለመኖሩ አጠራጠራት፤ ቢዘገይም ኖሮ መዘግየቱ ያጠራጥራት ነበር። ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ከገባ ወዲያ የሚቀርብለትን ሁሉ ለራሱ ማስረጃ ያደርጋል፤ ይህን እያወቀች እንኳ ልታስወጣው አልቻለችም።

«አላመንሽኝም» አለ።

«ቆዳህ እኮ…»

«ቆዳዬን ተይው ማሂ። የማናግርሽ እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ይልማ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ቡሉክ ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። እዚያ ሠርፀ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጤና መኮንን የሚሠራበት አነስተኛ የግል ክሊኒክ አለ፤ አበሻው ሁሉ ወባም ሲይዘው፣ ምስጢርም ሲኖረው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ማህደር አብራው ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ በእጁ ምልክት ብቻ አስቀራት። እስኪመለስ ድረስ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለሰች። የምትፈራው በሽታውን ይሁን፣ ውሸቱን ይሁን፣ ወይስ ሁለቱም ሳይኖሩ ቀርተው ራሷን በባዶ እጇ ማግኘቷን፣ መለየት አቃታት።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ደፍ ላይ ቆመ።

«ነፃ ነኝ» አለ። ወደ ውስጥ አልገባም። ሌላ የሚነግራት ያለው ሰው አቋቋም ነበር፤ ከከንፈሩ ዳር ፈገግታ የሚመስል ነገርም ጀምሮ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለች ማህደር። እውነትም ደስ ብሏት ነበር። ግን ምላሷ ከልቧ ይልቅ ለልምዷ ታዘዘ። «ግን ምርመራው አዲስ የገባን ነገር ወዲያው አያሳይም። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል።»

የጀመረው ፈገግታ ጠፋ። ይልማ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ልብሶችን በቦርሳ ከተተ።

«ወዴት ነው?»

«ሎሎጎ። የግንባታው ካምፕ ነው የማድረው፤ የኮንክሪት ሥራ አለብን።»

«እስከ መቼ?»

«እስከሚደገም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ምሽቶች ማህደር በረንዳ ላይ ተቀምጣ አሳለፈች፤ ክፍሉ ውስጥ መቆየት አልቻለችም። ዝናቡ ሲያባራ ጄነሬተሩ ይነሳል፤ በረንዳው ላይ የተንጠለጠለው ነጭ መብራት ሲበራ በከተማው ዳር ከሚያልፈው ወንዝ ነፍሳት ሁሉ ይጎርፋሉ። ክንፋም አለ፣ ትልም አለ፣ ከጉንዳን የማይተልቅ ቀጭን ነገርም አለ። አንገቷ ላይ፣ እጇ ላይ የሚያርፈውን ሳታይ ትደባብሳለች፣ ትጠራርጋለች። ስልኳን ታነሳለች፤ ቁጥሩን ሳትጨርስ ታስቀምጣለች። ክንዶቿን አጣምራ ትቀመጣለች፤ ትፈታለች፤ መልሳ ታጣምራለች።

ቅዳሜ ጠዋት የቀኝ ክርኗ መታጠፊያ እንደ እሳት እያቃጠላት ነቃች። መስኮቱ ጋር ሄዳ ክንዷን ዘረጋች። ከመታጠፊያው በላይ አንድ ቀይ ግርፋት አለ፤ ከመታጠፊያው በታችም ሌላ። በሁለቱም ላይ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ፣ አንዳንዶቹም መግል መያዝ የጀመሩ እብጠቶች ወጥተዋል። ክንዷን አጠፈች፤ ሁለቱ ግርፋቶች ያለ ምንም መዛነፍ ገጠሙ። ዘረጋች። እንደገና አጠፈች።

ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች። ነርቭ ይህን አያደርግም። ከውስጥ የሚወጣ በሽታ የራሱን መንገድ ይከተላል እንጂ በእጥፋት አይታተምም። ይህ ከውጭ የመጣ ነው፤ አንድ የሚያቃጥል ፈሳሽ ከቆዳዋ አንዱን ወገን ነክቶት፣ ክንዷን ስታጥፍ ወደ ሌላው ወገን ተላልፏል። ይህን ተከትለው ሳትጠይቃቸው የቀሩት ጥያቄዎች አንድ በአንድ መጡ። መስመሩ ከመውጣቱ በፊት ቦታው ለቀናት ያምህ ነበር ወይ? አልጠየቀችም፤ እንዲያውም «ትናንት ምንም አልነበረም» ብሎ ሳይጠየቅ ነግሯት ነበር። ሽፍታው በስብስብ በስብስብ ነው የወጣው ወይስ እንደ ተቀባ ነገር ወጥ ነው? ቀረብ ብላ አላየችም። ለማንም መንገደኛ የምታደርገውን ምርመራ ለባሏ ነፍጋዋለች። ስሙን ከሩቅ አንብባ ፍርዱን ሰጥታለች።

ሠርፀ ክንዷን ሲያይ ገና ሳትቀመጥ ሳቀ።

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጣሽ! ጁባ የገባሽው ገና ዛሬ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ጥንዚዛ። የምታውቂያት ክብ ጥንዚዛ አትምሰልሽ እንጂ፤ እንደ ጉንዳን ቀጭን ናት፣ ብርቱካንማና ጥቁር። ዝናብ ሲሆን መብራት ተከትላ ትመጣለች። አትነክስም፣ አትናደፍም። ሰው በእጁ ሲጨፈልቃት ነው ፈሳሿ የሚያቃጥለው፤ ያውም ወዲያው አይታወቅም፣ አንድ ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማንም ከእሷ ጋር አያያይዘውም።»

«እኔ አልማዝ ባለጭራ መስሎኝ…»

«ማን ያልመሰለው አለ? ከደጋ የመጣን ባለሙያዎች ሁላችን እዚህች ላይ ነው የምንወድቀው። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ስንቱን ጤነኛ አስደንግጬ ለምርመራ እንደላክሁ አትጠይቂኝ። አንዱ እንዲያውም ኑዛዜውን ጽፎ ነበር የመጣው!» ቅባት ከመደርደሪያው አወረደ። «በሳሙና እጠቢው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ይኼን በስሱ ቀቢው። ጥቁር ምልክት ትቶ ይድናል። ስታርፍብሽ እፍ በያት እንጂ አትምቻት። ይኼን ሁሉ ለኢንጂነሩ ነግሬው የለም እንዴ?»

«ለይልማ? መቼ?»

«ደሙን ሊሰጥ የመጣ ዕለት ነዋ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ‹ምርመራ አያስፈልግህም፣ ጥንዚዛ ናት› አልኩት። ‹ግድ የለም አድርግልኝ፣ የሚስቴ ልብ ይረፍ› አለኝ። አልነገረሽም?»

ማህደር ደፉ ላይ የቆመውን ሰው አሰበች፤ ከከንፈሩ ዳር የጀመረውን ፈገግታ።

ወደ ሎሎጎ የሚወስዳት ቦዳቦዳ ጉድጓዱን እየዘለለ ሲጓዝ የምትለውን ነገር ትሰበስብ ነበር። «ለማንኛውም ልመጣ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች። ማስረጃ ይዞ ወደ ተጠረጠረ ሰው መሄድ ቀላል እንዳልሆነ ግን መንገዱ እየቀረበ በመጣ ቁጥር ይበልጥ ገባት። ሰው ያለ ማስረጃ ሲታመን ስጦታ ነው፤ በማስረጃ ሲታመን ሒሳብ ነው።

ይልማ ከአንድ ጅምር ሕንፃ ሥር፣ ኮንክሪት የሚያደባልቀው ሚክሰር አጠገብ ቆሞ ነበር። የሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት ላይ ናቸው፤ ሠራተኞቹ ኮንክሪቱን በእጅ ጋሪ እየተቀባበሉ በእንጨቱ መወጣጫ ያሻግራሉ። ሲያያት መጣ። መጀመሪያ ያየው ክንዷን ነው።

«በሳሙና ታጠብሽው?»

«ታጠብኩ።»

«ሠርፀ ጋ ሄደሽ ነበር ማለት ነው።»

«ሄጄ ነበር።»

«እና አሁን የመጣሽው አምነሽኝ ነው? ወይስ ክንድሽ ስለነገረሽ?»

ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ነበር። ተወችው።

«ክንዴ ስለነገረኝ።»

ይልማ ራሱን ነቀነቀ። «እሱን እንኳ አልዋሸሽኝም።»

«አንተስ? አውቀህ ዝም አልክ። በር ላይ ቆመህ ልትነግረኝ ነበር።»

«ነበር። ‹ጥሩ ነው› ስትዪ እየሳቅሁ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ‹ግን› አልሽ።»

«ፈተንከኝ ማለት ነው።»

«አንቺ በአረጋሽ ፈተንሽኝ፣ በደሜ ፈተንሽኝ፣ ሦስት ወር ቆይተሽ ደግሞ ልትፈትኚኝ ቀጠሮ ያዝሽ። እኔ አንዴ ብፈትንሽ ምን አለበት?» ድምፁ ከፍ አላለም። ወደ መሬት አየ። «ጥንዚዛዋን ተያት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሷ አይደለችም። ቢኖርብኝስ ኖሮ? እውነት ታምሜ ቢሆንስ? ለሰው ሁሉ የምትጨርሺውን ቃል ለእኔ ትጨርሺልኝ ነበር?»

ማህደር መልስ ፈለገች። የነርስ መልስ ነበራት፤ የሚስትም መልስ ነበራት፤ ሁለቱም ያማሩ ነበሩ፤ ሁለቱንም አላመነቻቸውም።

«እንደምጨርሰው እርግጠኛ ነበርኩ» አለች። «ያን ዕለት ማታ ግን አልወጣልኝም። ለምን እንዳልወጣልኝ እስካሁን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ይልማ። «ለማወቅ ነው እዚህ የማድረው።»

ከመወጣጫው ላይ ፎርማኑ በአረብኛ «ያ ሙሀንዲስ!» ብሎ ይልማን ተጣራ፤ ጋሪዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። የተጀመረ ሶሌታ መሐል ላይ አይቆምም፤ በመሐል ከደረቀ ይሰነጠቃል። ይልማ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ እሷ አየና ሄደ።

ማህደር ወደ ቦዳቦዳው አልተመለሰችም። በተቆለለው ብሎኬት ላይ ተቀመጠች። ሚክሰሩ ይዞራል፣ ሲሚንቶው ይቦናል፣ በጁባ አረብኛና በአማርኛ የተቀላቀለ ጩኸት ከላይ ይወርዳል። እግሯ አላርፍ ብሎ መሬቱን ይመታል፤ ታቆመዋለች፤ መልሶ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ይልማ አቧራ የሸፈነው ቢጫ ሄልሜት ይዞ በመወጣጫው ወረደ።

«ያለዚህ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አለ።

ራሷ ላይ አደረገላት። ማሰሪያውን ከአገጯ ሥር ሲቆልፍ ክንዷን እንዳይነካ ክርኑን ወደ ውጭ አርቆ ነበር።

«ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ?»

«ኮንክሪቱ ሲያልቅ።»

የት እንደሚያድር አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም። ተመልሶ ሲወጣ፣ ከጠባቡ እንጨት ላይ ሚዛኑን እየጠበቀ እስኪያልፍ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ተከተለችው።